የባለ አራት አፈሙዙ መኪና የመጨረሻ ገጽ

ኒ ጓንግዩ ሞተው የተገኙት በወጣትነታቸው በእርሳስና በማስመሪያ በሣሉት የጦር መኪና ሆድ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ የጣሪያውን ክዳን የከፈተው ዕቃ አመላላሹ ቱ ሃይቦ ነው። ሽማግሌው በተኳሹ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። የመለኪያ ሜትራቸው ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል፤ እግራቸው ሥር ከሰል የያዘ የብረት ሳህን አለ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ጤና የጠገበ ሰው ፊት ይመስላል። ሃይቦ የተኙ መስሎት «ጋሽ ኒ፣ እዚህ ይተኛል እንዴ? ይነሱ እንጂ!» ብሎ ትከሻቸውን ነቀነቀ። ሰውነታቸው አብሮ ተነቀነቀ እንጂ አልመለሱም።

መርማሪ ጉ ሩይፌን ከአውራጃው ከተማ የደረሰችው በማግስቱ ጠዋት ነው። የሃምሳ አንድ ዓመት፣ አጭር፣ ንግግሯም እንደ ቁመቷ አጭር የሆነ ሴት ናት። ውርጩ ሃያ ዲግሪ ከዜሮ በታች ቢሆንም አዲስ ሬሳ ያለበት ቦታ ስትገባ ጓንቷን ታወልቃለች፤ በጓንት የተዳሰሰ ነገር አልተዳሰሰም ትላለች።

«አደጋ ነው፣ አለቃ» አለ የጣቢያው አዛዥ ጂን እጁን እያፋተገ። «ሽማግሌው በረዳቸው፤ ከሰል ይዘው ገቡ፤ ነፋሱ እንዳይገባ ክዳኑን ዘጉ። የከሰሉ ጭስ ወሰዳቸው። በየክረምቱ አንድ ሁለት ሰው እንዲህ ይሄድብናል። ይህን ሁሉ መንገድ ባይለፉ ይሻል ነበር።»

«ከመጣሁ ወዲያ ልውጣበት።»

መኪናው የቆመው ከሃያ ዓመት በፊት በተዘጋው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የኤግዚቢሽን ሼድ ውስጥ ነው። በብረት ሰንሰለት የሚሄድ፣ ጣሪያው ላይ አራት የፀረ ታንክ ሚሳይል አፈሙዝ የተሸከመ አውሬ ነው። በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ተሠርተው፣ ወደ ሠራዊቱ ሳይገቡ ሥራው ቆመ፤ የቀረው ይህ አንዱ ነው። ወደ ሼዱ ሲገባ የኋላ በሩ በብየዳ ስለተደፈነ መግቢያውም መውጫውም የጣሪያው ክዳን ሆኗል።

ጉ ሦስቱን የብረት መወጣጫ ረግጣ ወጣች። ክዳኑን በሁለት እጇ አነሳችው፤ ከበዳት። ውስጠኛው ገጽ ላይ ቀለሙ በአምስትና ስድስት ቦታ ረግፎ ብረቱ ያብለጨልጫል። ወለሉ ላይ የወደቀው የእጅ ባትሪ ጫፉ ተጨፍልቋል።

«አንኳኩተዋል» አለች።

ጂን አንገቱን አስግጎ ወደ ክዳኑ አየ።

ከክዳኑ አጠገብ፣ ጣሪያው ላይ፣ ቀጭን የበረዶ ቀለበት ተጋግሯል። ጉ ተንበርክካ አሸተተችው፤ የጎመንና የዝንጅብል ሽታ አለው። ስፋቱን በስንዝሯ ለካች፦ ከአውራ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ ጥፍር፣ ልክክ። ከዚያ ወርዳ ሳህኑን አየች። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የከሰል ጡብ ነበር፤ ዙሪያው ነጭ አመድ ሆኗል፣ ልቡ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። የሟቹ ካፖርት ከነስልኩ ሼዱ ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ቀኝ ትከሻቸው ላይ የመድኃኒት ልጥፍ በልጥፍ ላይ ተደራርቧል።

*

ሃይቦን ያነጋገረችው ባለ ሦስት እግር ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ አብጧል።

«መኪናውን የምንለካው ለኮምፒውተር ጌም ነው፣ አለቃ። ዓለም በሙሉ ታንክ እየነዳ የሚዋጋበት ጌም። አዲስ መኪና እንዲያስገቡ ከፈለጉ ጥቆማ ያቀርባሉ፤ ፎቶ፣ የውስጥ ልክ፣ ታሪክ፣ ሁሉም ከነምንጩ። ከዚያ ተጫዋቹ ድምፅ ይሰጣል።»

«ይህንን ቆርቆሮ ማን ይፈልገዋል?»

«አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰው!» አለ ሃይቦ ተቆጥቶ፤ ወዲያው አፈረ። «ይቅርታ። በጸደይ ሼዱ ሊፈርስ ነው፤ መኪናውም ለብረት አቅላጭ ይሄዳል። እዚያ ከገባ ቢያንስ የሆነ ቦታ ይኖራል ብለን ነው። ልኩን ጋሽ ኒ ይለካሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የታሪኩን ገጽ ግን በእጄ ካልጻፍኩ አሉ። ‹አሥር ሰዓት ላይ መጥተህ ውሰድ› አሉኝ። መጣሁ፤ ገጹ የለም።»

«ቅዳሜ ክዳኑን ማን ከፈተላቸው?»

«እኔ። በየጠዋቱ እኔ ነኝ የምከፍተው፣ ማታ እኔ ነኝ የምዘጋው። ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አይነሳም እኮ። ፀጉራቸውን እንኳ በግራ ነው የሚያበጥሩት።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያየሃቸው?»

«አምስት ሰዓት ተኩል ላይ። ከሰሉ አመድ ሆኖ ጣቶቼ እምቢ አሉኝ እያሉ ይጽፉ ነበር። ላጋብዝህ ሲሉኝ ዕቃ አለብኝ ብዬ ሄድኩ።» ስልኩን አውጥቶ አሳያት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ አሥር ሰዓት ያደረሰው ዕቃ ሁሉ ከተቀባዩ ፊርማ ጋር ተመዝግቧል።

«ከሰሉን የሚያመጣላቸው ማነው?»

«እትዬ ሩዋን ናቸዋ። ባለቤታቸው እዚሁ መኪና ውስጥ ነው የሞተው፣ ለሙከራ ሲተኮስ። ጋሽ ኒ ከዚያ ወዲህ እንደ ወንድም ሆነውላቸው ኖሩ፤ ጎመናቸውን ይሸከማሉ፣ ጣሪያቸውን ይጠግናሉ። እትዬም ‹ወንድሜ› ከማለት በቀር በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም።» ትንሽ አመነታ። «አንድ ነገር ልንገርዎት? ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጓድ ሌይ መጥተው ነበር። ደጅ ላይ ዕቃ ሳወርድ ሰምቻቸዋለሁ። ‹ይህን ከጻፍክ እቀብርሃለሁ› አሉ።»

*

ሌይ ዠንሻን የቀድሞው የሙከራ ክፍል ኃላፊ፣ የዛሬው የጡረተኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ከፎቅ ላይ፣ የጋራ ማሞቂያው ቤቱን እንደ ምድጃ አግሎት፣ በካናቴራ ተቀምጠው ተቀበሏት። ዳሌያቸው ከተሰበረ ዓመት ሆኗል፤ ባለ አራት እግር ምርኩዛቸው ከወንበሩ አጠገብ ቆሟል።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ልጁ ነገረሽ? ጆሮው ረጅም ነው፤ ለአህያ ታስቦ ተሠርቶ ነው እሱ ላይ የተገጠመው። አዎ፣ እቀብርሃለሁ ብዬዋለሁ። እሱም እኔን ብሎኛል። እኔና ኒ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንቀባበር ነው የኖርነው።»

«ምን ሊጽፉ ነበር?»

«የልጆች ጨዋታ ላይ የሞተ ነገር ሊቆፍር! ተኳሹ ቻይ ላይዋንግ ክዳኑን ሳይዘጋ ተኮሰ፤ ሚሳይሉ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ነደደ፤ እሳቱ በክዳኑ ገባ። ቸልተኝነት ነው ተባለ፤ አምስት ሰው ፈረመ። ለዚህ ነው ስሙ በሥራ ላይ የሞቱት መታሰቢያ ድንጋይ ላይ የሌለው። በቃ ይኸው ነው።»

«ኒም ፈርመዋል?»

«ሦስተኛው ፊርማ የሱ ነው። እሱ እንኳን ለሰው፣ ለድመት የማይዋሽ ነው እየተባለ ያደገ!» ሳቁ፤ ሳቁ ግን ዓይናቸው ድረስ አልደረሰም። «ምን ታይኛለሽ? መኪናው ላይ እንድወጣ ከፈለግሽ ክሬን ይዘሽ ነይ።»

*

ሩዋን ዩዌ ከፋብሪካው ጀርባ፣ ማሞቂያ ባልደረሰው የአሮጌ ሠራተኞች መደዳ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን በፋብሪካው ወጥ ቤት ጨርሰዋል፤ ፊደል የሚያውቁት ስማቸውን ለመጻፍ ያህል ነው። የከሰል ምድጃቸው መካከል ላይ ይነድዳል። ለጉ የፈላ ውሃ ቀዱላት።

«ቅዳሜ ስንት ጊዜ ሄዱ?»

«አንዴ። ሦስት ሰዓት ላይ ከሰል አደረስኩ። ከዚያ ወዲያ እግሬን አላነሳሁም።»

«ስለ ሟቹ ምን ይሉኛል?»

«ምን እላለሁ? ሰውዬው አርጅቶ ነበር።»

ጉ ውሃውን እስከ ሥሩ ጠጣች። ስትወጣ የመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ደጅ፣ አንድ ሙሉ ጎድጓዳ ሳህን ጂያኦዘ አየች፤ በጎመን የተሞላው ሊጥ ከነሾርባው እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ አንዱም አልተነካም። መንገዷን እንደዘጋባት ሁሉ ሳህኑን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ጎን አደረገችው። ስንዝሯ የሳህኑን ሥር ከዳር እስከ ዳር ልክክ አለበት።

መንገድ ላይ ጂን «ሌይን እንያዛቸው?» አላት።

«ነገ ቀትር ላይ ሦስቱንም ሼዱ ውስጥ ሰብስብልኝ። ለሌይ ወንበር አምጣ።»

«ደስ ያለሽ፣» ሊል ነበር ጂን፣ «ደስ ያለዎት አይመስልም» ብሎ አስተካከለ።

«እሷ ባትሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለች ጉ።

*

ሰኞ ቀትር ላይ አራቱም መኪናው ፊት ነበሩ። ሌይ ወንበር ላይ፣ ሃይቦ የመኪናውን ሰንሰለት ተደግፎ፣ ሩዋን እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ከተው፣ ጂን በሩ ጋ። ጉ ጓንቷን አውልቃ ጀመረች።

«ኒ ራሳቸውን አልገደሉም፤ ሊሞት የፈለገ ሰው ክዳን አይደበድብም። ክዳኑንም እሳቸው አልዘጉትም። እኔ በሁለት እጄ አነሳሁት፣ ከበደኝ። ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ የማይነሳ ሰው አይዘጋውም፤ ከተዘጋበትም አይከፍተውም። ስለዚህ የዘጋው ጣሪያው ላይ የቆመ ሰው ነው።»

ሌይ ምርኩዛቸውን በእግራቸው ገፋ አደረጉ። «ከመጣሽ ጀምሮ የምነግርሽን ነው።»

«አዎ፣ እርስዎ አይወጡም። ሃይቦ ደግሞ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ሰው በር ላይ ሲያስፈርም ነበር። አሁን ስለ ከሰሉ። ሦስት ሰዓት ላይ የመጣው ከሰል አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አመድ ሆኖ ነበር፤ ሃይቦ አይቷል። እኔ ያገኘሁት ጡብ ግን ልቡ አልነደደም። አየር አጥቶ ታፍኖ ነው የጠፋው። እንግዲህ ከሃይቦ በኋላ የጋለ አዲስ ከሰል የያዘ ሰው መጥቷል ማለት ነው። ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው የጋለ ከሰል ከየት ያመጣል?»

ሃይቦ ቀስ ብሎ ከሰንሰለቱ ቀና አለ። «አለቃ፣ ይተዉ» አለ።

«ያ ሰው ጎድጓዳ ሳህን ይዞ ነበር። ጣሪያው ላይ ሲያስቀምጠው ሾርባው ፈሰሰና ሥሩ ረጋ። በኋላ ሳህኑን ሳያበላ ይዞት ተመለሰ። ትናንት አገኘሁት፤ አንድ እንኳ አልተበላም።» ጉ ወደ ሩዋን ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እትዬ፣ ሰው ሠላሳ ስምንት ዓመት ‹ወንድሜ› ያለውን ሰው በአንድ ቀን ‹ሰውዬው› የሚለው ለምንድን ነው?»

ሩዋን አልካዱም። የሚክዱበትን ፊትም አላወጡም።

«ለምሳ አመጣሁለት» አሉ። «እጁ በርዶት ነበር፤ ከሰሉን በገመድ አወረድኩለት። ‹ሩዋን፣ መጀመሪያ የማነብልሽ አለ› አለኝ። ሳህኑን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ላይዋንግ በተቀመጠበት ወንበር ተቀምጦ አነበበልኝ። ‹ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው› ሲል ‹ለምን?› አልኩት። ‹ፈራሁ› አለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎመኔን ተሸከመ፤ እኔም ባለቤቴን ቸልተኛ ነበር እያልኩ፣ ሞቶም ስቆጣው ኖርኩ። ወረቀቱን ከእጁ ነጠቅኩት። ሌላ እንዳልሰማ ክዳኑን ጣልኩበት።»

«ከሰሉን አላሰቡም?»

«ያኔ አላሰብኩም። ቤት ገብቼ ሰባት ሰዓት ላይ ትዝ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ዕቃ አጠብኩ።»

ሃይቦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ሲያንኳኩ ሰምተዋል?» አለች ጉ።

«ስወርድ አንዴ፤ ደጃፉ ላይ አንዴ። ሁለት ጊዜ። ላይዋንግም ሁለት ጊዜ ተናግሮ አልነበር? ይሄ ወረቀት እንዲያ ይላል።» ከብብታቸው የታጠፈ ገጽ አውጥተው ለጉ ዘረጉላት። «ግማሹን ነው የሰማሁት። የቀረውን አንብቢልኝ፣ ልጄ። አልችልበትም።»

ጉ ገጹን ዘረጋች። ጣቶቻቸው የደነዘዙ ሰው ጽሑፍ ነበር፤ ፊደሎቹ ወዲያና ወዲህ ያዘነብላሉ።

«‹የሬዲዮ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር። ተኳሹ ቻይ ላይዋንግ፣ ክዳኑ አልገጠመም ብሎ ሁለት ጊዜ ተናገረ። የሙከራው ኃላፊ ሌይ ዠንሻን፣ እንግዶቹ እየጠበቁ ነው፣ ተኩስ ብሎ አዘዘ። በማግስቱ፣ ቻይ ክዳኑን በቸልተኝነት ክፍት ተወው በሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ሦስተኛው ፊርማ የእኔ ነው።›»

«እስከዚህ ሰምቻለሁ» አሉ ሩዋን።

ጉ ትንፋሿን ሰበሰበች። «‹ከፈረምነው አምስት ሰዎች በሕይወት ያለነው ሁለት ነን፤ ሌይ አይናገርም። ረቡዕ ወደ ክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት ሄጄ በቃሌ እመሰክራለሁ። ቀጠሮ ይዣለሁ። የቻይ ስም ድንጋዩ ላይ እስኪቀረጽ ድረስ ከዚያ ደጃፍ አልነሳም። ይህን ገጽ ከማንም በፊት የምትሰማው ሩዋን ናት። እሷ ሰምታ ስትፈቅድ እፈርምበታለሁ።›»

ሩዋን አላለቀሱም። አፋቸው ብቻ፣ የሚጠራው ስም እንደጠፋበት ሰው፣ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ተዘጋ።

«እስቲ ልየው» አሉ ሌይ። ማንም ሳይከለክላቸው ገጹን ከጉ እጅ ወስደው አንብበው ገለበጡት፤ ጀርባውንም አዩ። ጉ የፈራችው ይህንኑ ነበር።

«አልተፈረመበትም» አሉ።

«ጓድ ሌይ፣» አለ ሃይቦ ድምፁ እየተሰነጠቀ፣ «እርስዎ ያውቃሉ እኮ! አንድ ቃል ብቻ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል…»

«እኔ ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስንት ንጋት አይቻለሁ። ምስክር የነበረው አንድ ሰው ነው። እሱንም እኔ አልገደልኩትም።» ገጹን አጥፈው ለጉ መለሱላትና ምርኩዛቸውን ስበው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ፤ ትከሻቸው ወደ ሩዋን ሊዞር የጀመረ መሰለ። አልዞረም። የምርኩዙ ኳኳታ ግቢውን አቋርጦ እስኪጠፋ ድረስ ተሰማ።

ጉ ራሷ ካቴናውን ሩዋን እጅ ላይ ከማሰሯ በፊት በእጇ ጨብጣ አሞቀችው። ማድረግ የቻለችው ይህን ብቻ ነበር።

*

ረቡዕ ዕለት በኒ ቀጠሮ ወደ ክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የሄደችው ጉ ናት። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነበር፤ ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ፊርማ ፈለገ፣ ሻይ ይምጣልዎት ብሎ ጠየቃት። የሞተ ሰው ያልፈረመበት ወረቀት በክስ መዝገብ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ የአምስት ሰው ፊርማ ግን አይሽርም ብሎ አስረዳት። ታውቀው ነበር። ሻዩን ግን ጠጣች።

ሩዋን አሥራ አንድ ዓመት ተፈረደባቸው።

የጌሙ ሰዎች መልስ የመጣው በመጋቢት ነው። ጥቆማው ለውይይት አልፏል፤ የታሪኩ ክፍል ግን ምንጭ ስለሌለው ተሰርዟል። ሃይቦ መልሱን ለጉ አስተላለፈላትና ሥሩ አንዲት ነገር ብቻ ጻፈ፦ «እኔ ከእንግዲህ አልጫወትም።» በዚያው ሳምንት ሼዱ ፈረሰ፤ ባለ አራት አፈሙዙን መኪና በጭነት መኪና ጎትተው ወሰዱት። ሃይቦም ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሄደ።

በሚያዝያ መጀመሪያ ጉ የሴቶቹን ወህኒ ቤት ጎበኘች። የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም። ሩዋን ከስተዋል፤ ፀጉራቸው ተቆርጧል። በመስተዋቱ ማዶ ስልኩን አንስተው፣

«ጽሕፈት ቤቱ ምን አለ?» አሏት።

ጉ በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ ለተከሳሽ ዋሽታ አታውቅም። ዛሬ ግን ብትችል በወደደች ነበር።

«አልተቀበሉትም።»

ሩዋን ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ እንዳይከፋት የሚያጽናኗት እሳቸው ይመስሉ ነበር። ከዚያም፣

«ሰው የሙታኑን መቃብር የሚጠርግበት ቀን አለፈ?»

«ትናንት ነበር።»

«ወደ ላይዋንግ ማን ሄደ? የሁለቱም እዚያው ኮረብታ ላይ ነው አሉኝ፤ የኒም።»

ጉ ትናንት ስለ ሌላ ሬሳ ሌላ መንደር ነበረች። ጂንን በስልክ ጠይቃው ነበር፤ ጂን ደግሞ ሰው ልኮ አይቷል።

«ማንም አልሄደም» አለች።

«ዳገት ነው» አሉ ሩዋን። «ደግሞ በሚያዝያ ጭቃው አያስኬድም።» ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት።